ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስቀል፦ መኪና ለሌለን ባልና ሚስት የትኛው ተራራ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጭቃ ለባሿ

ሰላም ቤተሰብ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። አዲስ አበባ ነው የምንኖረው፣ መኪና የለንም። እሱ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ሥራ ይገባል። ስለዚህ የኛ ዊኬንድ ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ እሁድ ማታ ነው። ከአሁን እስከ መስቀል ባሉት ሳምንታት ሁለት ሦስት ተራራ መውጣት አማረን። አገሩ እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ስንት ሳምንት ነው?

ያለፈው እሁድ በእንጦጦ ጀመርን። "ትንሽ ፀሐይ ይውጣ" እያልን ቡና ስንጠጣ አምስት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት ገደማ ባሕር ዛፉ መሐል ሳለን ዶፉ ወረደ። ዝናቡስ ዝናብ ነው፣ ያናደደኝ ጫማዬ ነው። ከተገዛ ሦስት ሳምንት ያልሞላው ስኒከር። ጭቃው ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ እግሬን ሳነሳ ሶሉ ከፊት በኩል ተላቀቀ። ከዚያ በኋላ በየእርምጃው አፉን እየከፈተ ጭቃ ይጎርሳል። ባለቤቴ የጃኬቱን ገመድ መዞ ዙሪያውን አሰረልኝ። ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ እግሬን ሲያይ ነበር።

ጥያቄዎቼ፦ በዚህ ወቅት የት ብንሄድ ይሻላል? ምን ጫማ ልግዛ? ድንኳን ይዘን ብናድርስ? ደግሞ እሱ ይፈጥናል፣ እኔ ዳገት ላይ ቶሎ ይደክመኛል። ግማሹን መንገድ የማየው ጀርባውን ነው።

የወጨጫ ጎረቤት

እህቴ፣ ቦታ ከመምረጥሽ በፊት ሰዓትሽን አስተካክዪ። እንጦጦ ምንም አላጠፋም፤ አምስት ሰዓት ነው ጉድ ያደረጋችሁ። በዚህ ወቅት ብዙውን ቀን ጠዋቱ ብሩህ ነው። መሬቱ ሲሞቅ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመናው ከሰዓት በፊት ይከመራል፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ይዞ ይመጣል። ሁልጊዜ ባይሆንም ደጋግሞ እንዲህ ነው። ፀሐይ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ዝናቡን ነው ቀጠሮ የሚይዘው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መራመድ ጀምሩ፣ አምስት ሰዓት ላይ ጫፍ ላይ ብትሆኑም ባትሆኑም ተመለሱ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ታች ሻይ ጠጡ።

ለመጀመሪያው እሁድ መናገሻ ሱባን እመክራለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ሰበታ በታክሲ ሂዱ፣ ከዚያ ኮንትራት ያዙ። ወደ ደኑ የሚወስደው መንገድ በክረምት ይበላሻልና ዝቅ ያለች መኪና አትቀበሉ። ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ከላይ እስከ ታች ሽበት ያንጠለጠሉ የጥድና የዝግባ ዛፎች አሉ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛ ታያላችሁ፤ ዝም ካላችሁ የምኒልክ ድኩላም። የወጨጫ ጫፍ ወደ 3,385 ሜትር ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ቀን ጫፍ ጫፍ አትበሉ። ደኑ ይበቃችኋል።

መግቢያው ላይ አስጎብኚ ውሰዱ። ጉም ሲወርድ አሥር ሜትር ርቀት ላይ ያለ ዛፍ አይታይም። ለዘመናት የኖርኩበት ሰፈር ነው፣ እኔም ሁለቴ ጠፍቼበታለሁ።

ሰልባጅ ፈላጊ

ስለ ጫማው እኔ ልመልስ። አዲስ የሚያብረቀርቅ ስኒከር ከምትገዢ፣ ሰልባጅ ተራ ሄደሽ ያገለገለ ግን እውነተኛ የተራራ ጫማ ፈልጊ። ሶሉን በሁለት እጅሽ እጠፊው። ከጣቶቹ ሥር ከታጠፈ ጥሩ፤ መሐሉ ላይ ከታጠፈ ተዪው። ቀጥሎ በጥፍርሽ የሶሉን ጠርዝ ፈልቅቂ። ትንሽ እንኳ ከፈታ ማስቲሹ አርጅቷል፣ ተራራ ላይ እንደገና ጉድ ይሠራሻል።

ከገዛሽ በኋላ ወደ ሊስትሮ ውሰጂውና ሶሉን ዙሪያውን በክር አሰፊው። ማስቲሽ ብቻ የነሐሴን ጭቃ አይችልም። ቁጥሩ በወፍራም ካልሲ ተለክቶ ጣትሽ ከፊት የማይነካ ይሁን፤ ቁልቁለት ላይ ጥፍርሽ ይጠቁራል። ሁለት ፌስታል ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ጫማው ውስጡ ከራሰ ደረቅ ካልሲ ቀይሪ፣ ፌስታሉን በላዩ አድርጊ፣ ከዚያ ጫማውን። አያምርም፣ እግር ግን ያሞቃል።

የፕላስቲክ ቦት ጫማ የሚል ሰው ይመጣል። ለሜዳ ጭቃ ጎበዝ ነው፣ ለረጅም ዳገት ግን ተረከዝ ይልጣል። በኮንጎ ጫማ እየሮጡ የሚያልፏችሁን የአካባቢውን ልጆች አይታችሁ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። እነሱ እዚያው ተወልደው ነው።

ነርሷ

አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እስከ 3,400 ሜትር ለብዙ ጤነኛ ሰው ችግር አይሆንም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣና ዕረፍት ካልተሻለው መፍትሔው መውረድ ነው። "ትንሽ ነው የቀረን" ብላችሁ አትግፉ።

እኔን የሚያስፈራኝ ብርዱ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ላዩ ላይ ነፋስና እርጥብ ልብስ ጨምሩበት። የጥጥ ቲሸርትና ጂንስ አትልበሱ። ጥጥ ከራሰ ሰውነት ላይ ተጣብቆ ሙቀት ይመጠምጣል። ጋቢም ውድ ነገር ነው፣ ግን ማታ ቤት ውስጥ። ዝናብ የጠጣ ጋቢ ተሸክሞ የወጣ ሰው አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ይራገማል። ቀለል ያለ የፖሊስተር ልብስ ከሥር፣ ሹራብ ከላይ፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ከሁሉ በላይ። አንድ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ታስሮ ቦርሳ ውስጥ ይደር። ከመካከላችሁ አንዱ እየተንቀጠቀጠ አነጋገሩ ከተንተባተበ ጉዞው እዚያ ላይ አበቃ፦ እርጥቡን አውልቁ፣ ደረቁን አልብሱ፣ ነፋስ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡና ጣፋጭ ትኩስ ነገር አጠጡ።

መብረቅ ደግሞ አለ። ብልጭታውን አይታችሁ ቁጠሩ። ሠላሳ ሳትደርሱ ከጮኸ ቅርብ ነው። ከጋራው አናት ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። መሄጃ ከጠፋ ተቃቅፋችሁ ሳይሆን ተራርቃችሁ ቁጢጥ በሉ። ፍቅሩ በኋላ ይደርሳል።

የወሊሶ ልጅ

ለሁለተኛው ዙር ወንጪ! ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከአየር ጤና ብትነሱ ወሊሶ ሳይመሽ ትገባላችሁ፤ 114 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ እደሩ። ፍልውሃ አለ፣ የጠዋቱን እግር ማታውኑ ማለስለስ ነው። እሁድ በማለዳ ወደ ወንጪ። በአምቦ በኩልም ይኬዳል።

ላዩ ጠርዝ ላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ናችሁ። ሐይቁ ከሥራችሁ፣ ዙሪያው እንሰትና ገብስ። ለሁለት ሰው የምመክረው ወደ ታች በእግር፣ ወደ ላይ በፈረስ ነው። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፦ ሲወርድ ይቀመጣል፣ ከዚያ ብር ያልቅበትና ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። በጭቃ ቁልቁለት ላይ ፈረስ ራሱ ይንሸራተታል፣ ለጀማሪ ደስ አይልም። ዋጋ ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱ፤ የአንድ መንገድ ይሁን ደርሶ መልስ፣ የፈረስ ሳቢው ተካቶ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። በጀልባ ወደ ደሴቱ የቂርቆስ ገዳም ትሻገራላችሁ። ነጠላ ያዢ እህቴ፣ ሱሪ ብቻ ለብሰሽ እንዳትሄጂ።

ቆጣቢው

ወንጪ ድሮ ቀረ። በገበታ ለሀገር ሎጅ ከተሠራ ወዲህ ሰው ሁሉ እዚያ ነው፣ ሁሉም ነገር ተወድዷል። ለወጣት ባልና ሚስት ዝቋላ አይሻልም? ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ላዩ ላይ ሐይቅ፣ 2,989 ሜትር።

የወሊሶ ልጅ

ወንድሜ፣ መጨናነቁን አልክድም። ግን እሁድ አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ብትቆም ካንተና ከፈረሶቹ በቀር ማንም የለም። አውቶቡሶቹ የሚደርሱት አራት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ደግሞ ወንጪን የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ የመረጠው ነዋሪው ፈረሱንና ጀልባውን በማኅበር ተደራጅቶ ስለሚያሠራ ጭምር ነው። የምትከፍለው ብር እዚያው መንደር ይቀራል።

ዝቋላን በዚህ ወር አልደግፍም። ሥሩ ያለው ሜዳ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ ጫማ አይደለም፣ ጎማ ያስቀራል። ከጥቅምት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል በኋላ ይሂዱ፣ ምእመኑ መንገዱን ረግጦ ያደርቅላቸዋል። ሐይቁም የተከበረ ነው፣ ዋና የለም።

የወጨጫ ጎረቤት

ስለ ድንኳኑ ማንም አልመለሰላትም። በነሐሴና በጳጉሜ ይቅርባችሁ። የራሰ ድንኳን በጀርባ ይዞ በታክሲ መመለስ ትዳር ይፈትናል። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ያኔ ደህና ስሊፒንግ ባግ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የትም ስትሄዱ ዋዜማው ላይ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ማንን? በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌርን። ከመሸ በኋላ ከከተማ ከተማ አትጓዙ። መንዝ ጓሳና አንኮበር የምወዳቸው ቦታዎች ናቸው፣ ያልጠቀስኳቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

እናት ዓለም

ልጆቼ፣ ስለ ሆድ ማንም አላነሳም። ፍልሰታ ተፈቷል፣ ስለዚህ ጭኮ አድርጉ። ገብሱ የተቆላ፣ ቅቤው የተነጠረ፤ እንደ እንቁላል ያህል ካንዲት ቁራጭ ጋር ትኩስ ሻይ ዳገት ያስወጣል። ቆሎ በኪስ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ ከገባ ማንም አያወጣውም። በሶ በጥብጣችሁ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ።

ስለ ባልሽ ፍጥነት፦ ከባለቤቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ገዳም ለገዳም ዞረናል። እሱም እንዲሁ ነበር። ቀድሞ ይደርሳል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያርፋል፣ እኔ ስደርስ "ደረስሽ? በይ እንሂድ" ብሎ ይነሳል። እሱ አርፏል፣ እኔ መቼ ልረፍ? አንድ ቀን ኩርፍ ብዬ ስንቁን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። አንቺም ፊት ሁኚ። ከባዱን ቦርሳ እሱ ይሸከም፣ ልኩን ያገኛል።

ጭቃ ለባሿ

እናት ዓለም፣ ይህንን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። በጳጉሜ ሱባ ሄድን። ከቤት የወጣነው በጨለማ ነው፣ ቡናውን በቴርሙስ። አስጎብኚያችን ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ኮፍያቸው ሥር የሚያስቀምጡ ሽማግሌ ነበሩ። አንዴ እጃቸውን አንስተው አስቆሙን። ምንም አይታየኝም። "ጭራውን እይ" አሉኝ። ቅርንጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ የተሰቀለ የመሰለኝ የጉሬዛ ጭራ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ስድስት። አንዱ ሲዘል ዛፉ ያቆረውን ውሃ ሁሉ ባለቤቴ አንገት ውስጥ ደፋው። የዚያን ቀን የራስነው በዚህ ብቻ ነው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሰበታ ሻይ ስንጠጣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጀመረ። አስተናጋጇ ለምን እንደምንስቅ አልገባትም።

ፊት ፊት እኔ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ "ቀስ በይ" ብሎኛል። ቦርሳው ከብዶት ነው።

ሰልባጅ ፈላጊ

ጫማውስ?

ጭቃ ለባሿ

ያገለገለ፣ ቡናማ፣ አንድ ቁጥር የሚበልጥ። ሊስትሮው ዙሪያውን በሰማያዊ ክር ሰፋው፣ ጥቁር አልቆበት ነበር። የስኒከሩን ሶልም አጣበቀልኝ፣ ለቢሮ ይሆናል። ለወንጪ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት እንነሳለን። የወሊሶ ልጅ፣ ከወሊሶ ወደ ላይ በማለዳ መኪና የሚገኘው ከየት ነው?

የወሊሶ ልጅ

ማታውኑ ካረፋችሁበት ቤት ጠይቃችሁ ኮንትራት ያዙ፣ ጠዋት ተራ አትጠብቁ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ብላችሁ ቅጠሩት፣ አሥራ ሁለት ላይ ይመጣል።