የእናቴ ብብት የግድ መከፈት አለበት?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። 61 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር ነው ተባልን። 1.6 ሳንቲ ሜትር ነው። ወረቀቱ ላይ ግሬድ 2 (መካከለኛ)፣ ሆርሞን ፖዘቲቭ (በሆርሞን የሚያድግ)፣ ኸርቱ ኔጌቲቭ (ኸርቱ የተባለው ፕሮቲን ያልበዛበት) ይላል። ሐኪሙ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር እንደምትወስድ ነገረን። እሱ ላይ ተስማምተናል።

የጨነቀኝ ብብቷ ነው። «ንፍፊቶቹንም አብረን እናጸዳለን» አለ። እማዬ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች፤ ሌሊት 10 ሰዓት ምጣድ ላይ ናት። ግራኝ ስለሆነች ሊጡን የምታዞረውም በዚያው እጇ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ክንዷ አብጦ ጀሪካን ማንሳት አቅቷታል። እማዬ እሷን አይታ «ጡቴን ይውሰዱት፣ እጄን ግን አይንኩብኝ» ብላ ቁጭ ብላለች። እውነት አማራጭ የለም?

ከሰበታ፦
አይዞሽ እህቴ። የኔም ብብት ተጸድቷል። ሁሉም ሰው አያብጥም፣ እንዳታስፈራሪያት። እኔ ግን አብጦብኛል። የሹራብ እጅጌ አልገባ ይለኛል፤ ቀለበቴንም በሳሙና ነው ያወጡልኝ። ሳይቆረጥ ጠይቂ፤ እኔን ያኔ ማንም አማራጭ አለ ያለኝ የለም።

የራዲዮሎጂ ሬዚደንት፦
ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እብጠቱ ትንሽ ሲሆን የብብት ቀዶ ጥገና በአብዛኛው ካንሰሩ እዚያ መድረሱን ለማወቅ ነው። በ2023 የታተመ፣ ከሚላን የተመራ ሳውንድ የተባለ ጥናት አለ። እብጠታቸው እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ብብታቸው በአልትራሳውንድ ንጹሕ የተባለ ከ1,400 በላይ ሴቶች ነበሩበት። ግማሾቹ ካንሰር መጀመሪያ የሚደርስባቸው ጥቂት ንፍፊቶች ተወሰዱላቸው፤ የሌሎቹ ብብት አልተነካም። ከ5 ዓመት በኋላ ካንሰሩ ወደ ሩቅ አካል ሳይዛመት የቆዩት 97.7 እና 98 ከመቶ ናቸው። ምንም ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ኢንሴማ የተባለው የጀርመንና የኦስትሪያ ጥናትም በ2024 ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ክንድ ማበጡም ባልተከፈቱት ላይ በጣም ያነሰ ነበር። የአሜሪካ ካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም በ2025 መመሪያው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ላረጡ፣ ብብታቸው በአልትራሳውንድ ንጹሕ ለሆነና እንደ እናትሽ ዓይነት እብጠት ላላቸው የብብቱን ቀዶ ጥገና መተው እንደሚቻል ጽፏል።

ግን ረጋ በሉ። አልትራሳውንድ እንደሚያየው ሰው ነው። የንፍፊቱ ዳር ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍሮ ከታየ ያንኑ እያዩ በመርፌ ናሙና መውሰድ ነው። ካንሰር ከተገኘበት ይህ ሁሉ ወሬ አይሠራላትም። ሌላው ጨረሩ ነው። በነዚህ ጥናቶች ጡታቸው ሳይቆረጥ የቀረላቸው ሴቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጨረር ወስደዋል። ስለዚህ ብብቱን ከመተዋችሁ በፊት የጨረሩን ወረፋ ቁርጥ አድርጋችሁ እወቁ። እኛ አገር የሚያሰጋኝ እሱ ነው።

የኮዬዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ወረቀቱን አሁን ገልጬ አየሁት። የጡት አልትራሳውንድ ይላል እንጂ ስለ ብብት አንድ መስመር የለም።

የራዲዮሎጂ ሬዚደንት፦
ካልተጻፈ አልታየም ብለሽ ያዢው። ቀጠሮው ሳይደርስ የግራ ብብቷ ይታይላት። ውጤቱን ከናሙናው ወረቀት ጋር ይዘሽ ሐኪሙን «ንጹሕ ከሆነ ማጽዳቱ ይቀርላት ይሆን?» በይው። ሙሉ ማጽዳት አስቦ ከሆነ ጥቂት ንፍፊት ብቻ መውሰድ ይቻል እንደሆነም ጠይቂው።