«አንከስህም» ያለ ዐቃቤ ሕግ ቃሉን ማጠፍ ይችላል?

ወንድሜ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሚሠራበት ሱቅ ገንዘብ ጎደለ። ዐቃቤ ሕጉ ለጠበቃችን «ገንዘቡን ከመለሰና የሚያውቀውን ከተናገረ አንከሰውም» አለው። ወንድሜም ከፈለ፣ ለመርማሪዎቹም ቃሉን ሰጠ። አሁን ጉዳዩን የያዘችው ሌላ ዐቃቤ ሕግ ነች። «እኔ ቃል አልገባሁም» ብላ ከሰሰችው። ዋናው ማስረጃዋ ደግሞ ያው እሱ የሰጠው ቃል ነው!

የተፈረመ ወረቀት የለንም። ያለን የቼኩ ኮፒና ጠበቃችን ስምምነቱን ዘርዝሮ የላከው ኢሜይል ነው። ዐቃቤ ሕጉ የመለሰው «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። ጠበቃችን ኢሜይሉን ለአዲሷ አሳያት፤ «ይሄ ውል አይደለም» አለችው።

እኔም ማንበብ ጀመርኩ። በፈረንጆቹ 2021 የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሜዲያኑን የቢል ኮዝቢን የጥፋተኝነት ፍርድ ሽሯል። ኮዝቢ የዐቃቤ ሕጉን «አልከስም» አምኖ በፍትሐ ብሔር ክስ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የተመረኮዘው በውል ሕግ ላይ ሳይሆን በሕገ መንግሥቱ የፍትሐዊ ሂደት መብት ላይ ነው። በ2024 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በተዋናዩ ጁሲ ስሞሌት ጉዳይ መንግሥት የገባውን ስምምነት ማክበር አለበት ብሏል። ደስ ይላል፤ ግን ሁለቱም የቨርጂኒያን ዳኛ አያስገድዱም። የአሜሪካ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 በሳንቶቤሎ ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ የገባው ቃል መከበር አለበት ብሏል፤ ያ ግን በቃሉ ተማምኖ ጥፋተኛ ነኝ ላለ ሰው ነው፤ ወንድሜ እንደዚያ አላለም።

የቨርጂኒያን ሕግ የምታውቁ፦ ፊርማ የሌለበት እንዲህ ያለ ቃል፣ ተከሳሹ አምኖት ከፍሎና ተናግሮ ከሆነ፣ ክሱን ለማሰረዝ ይበቃል?