ከአያቴ ሳጥን የተገኘ የአጥቢያ ዳኛ መዝገብ

ጠያቂ (አዳማ)፦ አያቴ በአዳማ ዙሪያ ገጠር አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ከሳጥናቸው በነጠላ የተጠቀለለ መዝገብ አገኘሁ። አንዱ ገጽ ላይ በሬ ማሳ ገብቶ ጤፍ በመብላቱ ሦስት ቁና ካሳ ተፈርዷል፤ ከሥሩ የደበዘዘ የጣት አሻራ አለ። እሱን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤ እንዴት ላትርፈው?

መልስ፦ እባክዎ በፕላስተር አይለጥፉት፣ በላስቲክም አይጠቅልሉት፤ እርጥበት ያፍናል። ደረቅ ካርቶን ይበቃዋል። አስቀድመው እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሱ።

መልስ፦ በ1947 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ቁጥር 90 ለአጥቢያ ዳኛ የሰጠው እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር ነው፤ ማስታረቅም ዋና ሥራው ነበር። «ታረቁ» የሚል አለ?

ጠያቂ፦ አለ! «ታርቀው ሄዱ» ይላል፣ በአያቴ እጅ ጽሑፍ። ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከመስጠቴ በፊት ለመንደሩ ሽማግሌዎች አነብላቸዋለሁ።