አስቸኳይ፦ አማርኛ ስጽፍ የመጀመሪያው ፊደል ይደገምብኛል

የእድር ጸሐፊ፦
ወገኖች ድረሱልኝ! የእድራችን የአባላት ዝርዝር ዛሬ 10 ሰዓት መታተም አለበት። ኪቦርዱ ግን አበደብኝ። «ሰላማዊት» ብዬ ስጽፍ «ስሰላማዊት» ይወጣል። «በቀለ» ደግሞ «ብበቀለ» ሆነ። ጠዋት ያስገባኋቸው ስሞች ምንም አልሆኑም። ምን ላድርግ?

የሰፈር ልጅ፦
ሪስታርት አድርጊው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በዚያ ይለቃል።

የእድር ጸሐፊ፦
አድርጌዋለሁ፣ ያው ነው።

ፊደል ወዳድ፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ኪቦርድ ላይ ይህን ያህል ቁልፍ የለም። ስለዚህ ኤስን ስትነኪ ሳድሱ «ስ» ይወጣል። ኢን ስትጨምሪ «ስ» ይጠፋና በቦታው «ሰ» ይገባል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ። «ሰ» የ«ስ» እና የአናባቢ ድምር ሆኖ አይቀመጥም። ኪቦርዱ የግድ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን መተካት አለበት። አንቺ ጋ መጻፉ አልቀረም፣ የቀረው ማጥፋቱ ነው።

ሰባት ቤት፦
ኪቦርዱ ምን አጠፋ? ችግሩ አማርኛን በላቲን ድምፅ መጻፍሽ ነው። ስልክ ላይ እንዳለው፣ አንዱን ፊደል ስትነኪ ሰባቱ ቤቶች የሚዘረጉበትን ተጠቀሚ። የራሳችን ፊደል እያለን በኤስ እና በኢ መዞር ለምን?

የእድር ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። አሁን አዲስ አጻጻፍ የምለማመድበት ጊዜ የለኝም።

ቀላል ነው፦
የአማርኛ ኪቦርድ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ አውጥተሽ እንደገና ጫኚው። ከዚያ ሪስታርት።

የመርካቶ ልጅ፦
አቶ ብበቀለን መዋጮ ሁለቴ እንዳታስከፍሏቸው አደራ! ለመሆኑ የምትጽፊው ዎርድ ላይ ነው ወይስ ኤክሴል ላይ?

የእድር ጸሐፊ፦
ኤክሴል። ቆይ ዎርድ ላይ ልሞክረው... ዎርድ ላይ ደህና ነው!

የመርካቶ ልጅ፦
በቃ ተገኘ። ከላይ «ስንታየሁ» የሚል ስም አስገብተሻል አይደል? «ስ» ስትዪ ኤክሴል ያንን ስም ፈልጎ «ንታየሁ»ን ራሱ ይጨምርልሻል። ከዚያ ኢን ስትነኪ ኪቦርዱ «ስ»ን ላጥፋ ይላል፤ የሚጠፋው ግን ኤክሴል የጨመረው «ንታየሁ» ነው። «ስ» ሳይነካ ይቀራል፣ «ሰ» ከጎኑ ይገባል። «ብበቀለ»ም እንደዚሁ ነው፤ ከላይ «ብርሃኑ» ወይም ሌላ በ«ብ» የሚጀምር ስም ይኖራል። ጠዋት ደህና የነበረው ዝርዝሩ ገና ባዶ ስለነበረ ነው። ኪቦርዱም ኤክሴሉም አልተበላሹም።

ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ግቢ። «ኢኔብል አውቶኮምፕሊት ፎር ሴል ቫሊውስ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሺ።

ቀላል ነው፦
ሪስታርቱንም አትርሺ።

ፊደል ወዳድ፦
ይኸው፣ ማጥፋቱ ነው የቀረው ብዬ ነበር። የመርካቶ ልጅ፣ ለምን አንዳንዱን ስም ብቻ?

የመርካቶ ልጅ፦
አባቴ፣ ኤክሴል የሚጨምረው አንድ ስም ብቻ ሲገጥም ነው። «ስንታየሁ» እና «ስንዱ» ሁለቱም ካሉ «ስ» ብቻ ሲያይ የትኛውን እንደሚያስቀድም ስለማያውቅ ዝም ይላል። ለዚህ ነው አንዴ የሚሠራው፣ አንዴ የማይሠራው።

የእድር ጸሐፊ፦
ምልክቱን አነሳሁት፣ አሁን በትክክል ይጽፋል! እግዜር ይስጥልኝ። የተበላሹትን ግን እንዴት ላርም? ብዙ ናቸው።

ሰባት ቤት፦
ኮንትሮልና ኤች ነክተሽ «ስሰ»ን በ«ሰ» ተኪ። ከዚያ «ብበ»፣ «ምመ» እያልሽ ቀጥዪ። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ግን አትንኪ፤ ትክክለኛ ስም መሃል ያለውንም ሊበላ ይችላል። አንድ በአንድ እያየሽ ሂጂ። «በላይ» «ብበላይ» ሆኖ እንዳይታተም የአባት ስም ዓምዱንም ተመልከቺ።

አዲስ ገቢ፦
እኔ ብራውዘር ላይ ከላይ አድራሻ መጻፊያው ቦታ እንዲሁ ይደግምብኛል። እዚያስ የሚጠፋው በየት በኩል ነው?