የዳህላክ የመቃብር ድንጋዮች ይመለሱ ወይስ ሙዚየም ይቅሩ?

የምጽዋው፦ ሰላም ወገኖች። ኤርትራ፣ ቀይ ባሕር ላይ ባለችው ዳህላክ ከቢር ደሴት ያለውን የሙስሊሞች መቃብር ታውቁታላችሁ? ከሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ጥቁር ድንጋይ ላይ በኩፊ፣ በጥንቱ የዓረብኛ አጻጻፍ፣ ተቀርጾ የሟቹ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የቁርኣን አንቀጽ ተጽፎበታል። በ1093 እ.ኤ.አ. የሞተውን የዳህላክ ሱልጣን ሙባረክን እንኳ ያወቅነው ከነዚህ ድንጋዮች ነው። አሁን ግን ብዙዎቹ ተነስተው አስመራ፣ ካይሮ፣ ጣልያን ሞዴና ድረስ ተበትነዋል። እኔ ይመለሱ ባይ ነኝ።

ታሪክ ወዳድ፦ እኔ አልስማማም። የባሕሩ ጨውና ንፋስ ፊደሉን ይበላዋል። የጥንቱ ኩፊ ደግሞ ነጥብ የለውም፣ አንዲት ጭረት ከጠፋች ስሙ የሌላ ሰው ስም ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሙዚየም ውስጥ ይነበባሉ።

አቡ ያሲን፦ ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? ቀብር ላይ መጻፍ እኮ በሐዲስ፣ በነቢዩ ቃል፣ ተከልክሏል።

ኡሙ ሐና፦ አቡ ያሲን፣ ሐዲሱን አውቀዋለሁ፣ ዑለሞችም ብዙ ተነጋግረውበታል። ግን የዳህላክ ባይሆንም ካይሮ የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ያለውን የአብዱረሕማን ኢብን ኸይርን ድንጋይ ተመልከት። የተጻፈው በ31 ዓመተ ሂጅራ ነው፣ በ652 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ኸሊፋው ዑስማን ነበሩ፣ ገና ብዙ ሶሃባዎች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ በሕይወት አሉ። ጌጥ የሚባል ነገር የለውም። ቢስሚላህ ብሎ ይጀምርና ቀብሩ የማን እንደሆነ ይናገራል፣ አላህ እንዲምረው ይለምናል፣ ከዚያ ወደ አንባቢው ዞሮ ይህን ስታነብ ምሕረት ለምንለት፣ አሚንም በል ይላል። ሰውየው የፈለገው ዱዓ፣ ጸሎት ነው፣ እሱን ደግሞ የሚያደርግለት ቀብሩ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ ሙዚየምም ሰው ያነበዋል፣ እንዲያውም በብዛት።

የምጽዋው፦ ያነበዋል፣ ግን የማን ቀብር ላይ ቆሞ? ግብጽ ውስጥ አስዋን የሆነውን እይ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ድንጋዮቹን ከመቃብሮቹ ነቅለው ወሰዷቸው፣ የትኛው ከየት እንደተነሳ ግን አልመዘገቡም። ይኸው ዛሬ ድንጋዮቹ ስም አላቸው፣ ቦታ የላቸውም፤ እዚያ የቀሩት ጉልላት ያላቸው መቃብሮች ደግሞ የማን እንደሆኑ አይታወቅም። በጣም ያናድደኛል።

ታሪክ ወዳድ፦ የአስዋኑ ጥፋት ነው፣ በዚህ አልከራከርህም። ዳህላክ ላይ ግን ቅጂ ሠርተን ብንተክልስ? ዋናው ከጨው ይድናል።

ኡሙ ሐና፦ ቅጂውን ለምን ሞዴና አያስቀምጡትም? ጎብኚው ቅርጹን ያይበታል። ቦታው የሚታወቀው ዋናው ድንጋይ ግን ይመለስና፣ ከጨውና ከዝናብ የሚከልል ጣራ ይሠራለት፣ ጠባቂም ይቀጠር።