ዋዲ ረም ለአንድ ሌሊት፦ በግመል ወይስ በመኪና?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች፣ እኔ ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ ነው የምኖረው። በጥር ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፣ በደቡብ ዮርዳኖስ ያለውን በረሃ፣ ዋዲ ረምን ላሳያት ጓጉቻለሁ። ከሥራ የማገኘው ፈቃድ ግን ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚበቃኝ። ሁሉንም በግመል ማየት ይቻላል? ብርዱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉንም በግመል አትሞክሩት። ግመል ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ቦታው ደግሞ በጣም ሰፊ ነው። ቀን በፒክአፕ ዙሩ፣ ኻዝአሊ የሚባለው ጠባብ የተራራ ስንጥቅ ውስጥ ግቡና ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን የጥንት ጽሑፎችና የሰው ምስሎች እዩ፣ ከዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በግመል ወደምታድሩበት ካምፕ ሂዱ። ተራሮቹ ፍም የሚመስሉት ያን ጊዜ ነው፣ እኔ እንደዚያ ያለ ቀለም ሌላ ቦታ አላየሁም።

መልስ፦ ግመሉ ሲነሳ መጀመሪያ የኋላ እግሮቹን ነው የሚያነሳው፣ ስለዚህ ወደፊት ይጥላችኋል። ወደኋላ ደገፍ ብላችሁ ኮርቻውን አጥብቃችሁ ያዙ። ሱሪ ይሻላል።

መልስ፦ የጥር ሌሊት ቀልድ አይደለም፣ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ጋቢ ያዙ! እራት ዛርብ ነው፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚበስል ሥጋ። ረቡዕ ወይም አርብ ከዋለባችሁ ግን እንደምትጾሙ ለካምፑ ሰዎች ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አትክልት ይሠሩላችኋል። ዋጋ ስትነጋገሩም ግመሉ፣ መኪናውና እራቱ አብረው መሆናቸውን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ጭቅጭቅ ነው።