የ1937 የወርቅ ሳንቲም፦ በግራም ልሽጠው?

ማርቲ ከለንደን፦
ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት የተንከባከብኳቸው አዛውንት በቅርቡ አረፉ። ልጃቸው «አባቴ ላንቺ እንድሰጥሽ ነግሮኝ ነበር» ብላ አንድ የወርቅ ሳንቲም ሰጠችኝ። በአንድ ፊቱ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ፣ በሌላው ፈረሰኛና ዘንዶ፣ ከሥሩ 1937 (እ.ኤ.አ.) አለበት። አንድ ወርቅ ገዢ መዝኖ «8 ግራም ገደማ ነው፣ በግራም እከፍልሻለሁ» አለኝ። ደብዘዝ ስላለ በጥርስ ሳሙና ላጥበው ነው። ምን ትላላችሁ? ፎቶውን አያይዣለሁ።

ሸዋዬ፦
ኧረ በማርያም! እንዳትነኪው።

ብሩክ ወርቅ ቤት፦
ግራሙ ልክ ነው። ሶቨሪን፣ ማለት የእንግሊዝ ባለ 1 ፓውንድ የወርቅ ሳንቲም፣ 7.98 ግራም፣ 22 ካራት ነው። ግን ጊዮርጊሱ ጦር የለውም፣ ሰይፍ ነው የያዘው። ልብስም የለበሰ አይመስልም። ፎርጅድ እንዳይሆን!

ጋሽ ሰይፉ፦
ብሩክዬ፣ የኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያሰብክ ነው። ይሄን የቀረጸው ጣሊያናዊው ቤኔዴቶ ፒስትሩቺ ነው። የከበረ ድንጋይ ቀራጭ ስለነበር እንደ ጥንት ግሪክ ጀግና አደረገው። በ1817 ሲወጣ የተሰበረ ጦር ይዞ ነበር፤ በ1821 ሰይፍ ሆነ።

ማርቲ፣ ጠርዙን እዪው። የተለመደው ሶቨሪን ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አለው፤ የ1937ቱ ልሙጥ ነው። የዚያ ዓመት ሶቨሪን ለግብይት አልወጣም። ለንጉሡ የዘውድ በዓል ፕሩፍ፣ ማለት ለሰብሳቢዎች በልዩ ጥራት የሚታተም ሳንቲም፣ ብቻ ነው የተሠራው፣ 5,501 ፍሬ። ለፕሩፍ የማተሚያው ብረት እንደ መስታወት ይወለወላል፤ ሳንቲሙም ያንን ይወርሳል። በሳሙና አሸሽው ማለት መስታወቱን ጫርሽው ማለት ነው፣ አይመለስም። በግራም የሚገዛሽ ሰው ደግሞ ለዚህ ሥራ ሁሉ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። የሳንቲም ጨረታ ቤት አሳዪው፣ ሁለት ቦታ። ስጦታ ለመሆኑም ከልጅቷ ወረቀት ያዢ።

ለኔ ቁንጮው የ1839ኙ የዊልያም ዋዮን ባለ 5 ፓውንድ ነው፦ ወጣቷ ቪክቶሪያ አንበሳ እየመራች። እሱን በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው፣ ምን ይደረግ።

ማርቲ ከለንደን፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ! ልሙጥ ነው። ገዢውን ደውዬ አስቀረሁት።

ጋሽ ሰይፉ፦
አሁን ሳጥኑን ጠይቂ። ባለ 5 ፓውንዱ፣ ባለ 2 ፓውንዱ፣ ሶቨሪኑና ግማሽ ሶቨሪኑ አብረው ነበር የሚሸጡት። ባለ አራት ጎድጓዳ ሳጥን ነው።

ማርቲ ከለንደን፦
ባለ አራት ጎድጓዳ? ቁልፋቸውን የሚያስቀምጡበት እኮ ነው! ቆይ፣ ልጅቷ ጋ ልደውል።